ለተጎዳ ሰው ጋቢም ሕክምና ነው

ሌሊት ጣርማ በር ላይ መኪና ተገለበጠ እንበል። ሰው ተሯሩጦ ተጎጂውን አወጣው፣ አስፋልት ላይ አስተኛው፣ "ይንቃ" ብሎ ውሃ ደፋበት፣ ከዚያ ፒክአፕ ኋላ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን በረረ። ሁሉም በቅንነት ነው። ተጎጂው ግን ሆስፒታል ሲደርስ ሰውነቱ በረዶ ሆኗል።

"ዶክተር፣ ዋናው ደሙ ነው እንጂ ብርዱ ምን ያደርገዋል?" ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ብርዱ ራሱ ደሙ እንዳይቆም ያደርጋል።

ጤናማ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ35 በታች ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ እንለዋለን። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም በደንብ አይረጋም። ስለዚህ ይበልጥ ይደማል፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ ሙቀት የማመንጨት አቅሙ ስለሚደክም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው እናንተን በማይበርዳችሁ አየር እንኳ እሱን የሚበርደው።

ምን እናድርግ?

👉 መጀመሪያ የሚፈሰውን ደም በንጹህ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ አምቡላንስ ጥሩ (ቀይ መስቀል 907)።

👉 ከሥሩ ብርድ ልብስ፣ ካርቶን ወይም ፍራሽ አንጥፉ። ቀዝቃዛ መሬትና የመኪና ብረት ሙቀቱን ይመጡታል። ስታነሱት አንገቱና ወገቡ እንዳይጣመም ብዙ ሆናችሁ እኩል አንሱት።

👉 እርጥብ ልብሱን ቀዳችሁ አውልቁለት። በደረቅ ጋቢ ጠቅልሉት፣ ጭንቅላቱንም ሸፍኑ፣ ከላይ ላስቲክ ወይም ሸራ ደርቡ። ፊቱ ግን ክፍት ይሁን፤ አተነፋፈሱን ማየት አለባችሁ።

👉 በተቻለ መጠን ንፋስ በማይገባበት መኪና ውሰዱት፤ መስኮት ዝጉ።

ምን አናድርግ?

❌ ውሃ አትድፉበት።

❌ "ያሞቀዋል" ብላችሁ አረቄ አትስጡት። አረቄ የቆዳ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ሙቀቱ ይበልጥ ይወጣል።

❌ እሳት ዳር አታስጠጉት፤ የሞቀ ነገርም በቀጥታ ቆዳው ላይ አታድርጉ። ስለማይሰማው ሊቃጠል ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው መንቀጥቀጡን አቁሞ ንግግሩ ከተምታታ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው "ተሻለው" አትበሉ። ብሶበታል፤ ፍጠኑ።

ዛሬውኑ መኪናችሁ ውስጥ አንድ አሮጌ ብርድ ልብስና አንድ ላስቲክ አስቀምጡ። ለሹፌር ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤና!