ከጓሳ እስከ ሪያድ፦ ቱሪስት ተብሎ የሚቆጠረው ማን ነው?

አንድ ጀርመናዊ ጭላዳ ለማየት መንዝ ጓሳ መጥቶ ሁለት ሌሊት ቢያድር ቱሪስት ተብሎ ይቆጠራል። ከመሐል ሜዳ ተነስታ ሪያድ ሄዳ ለሁለት ዓመት በቤት ሠራተኝነት የምትቀጠር ልጅስ? አትቆጠርም። ለምን መሰላችሁ? በተባበሩት መንግሥታት ትርጉም የውጭ አገር ቱሪስት የሚባለው በሄደበት አገር ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያድር፣ ከአንድ ዓመት በታች የሚቆይና እዚያ ተቀጥሮ የማይሠራ ሰው ነው።

ስለዚህ የተለያዩ አገር ሰዎችን የውጭ ጉዞ ስታነጻጽሩ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቁ። የተቆጠረው ሰው ነው ወይስ ጉዞ? አንድ ሰው በዓመት ሦስቴ ቢወጣ ሦስት ጉዞ ነው። ለሥራ የሄደውስ ገብቷል?

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደርገዋል። የቱሪስት ሰንጠረዥ ብቻ አይተን «ኢትዮጵያዊ ብዙም ውጭ አይሄድም» ካልን፣ እነዚህን ሁሉ ዘለልናቸው ማለት ነው።