አልጋ ላይ የዋለ ሰው የምትንከባከቢ እህት፦ ወገብሽን የሚያድኑ ዕቃዎች በትንሽ ወጪ እንዴት ይገኛሉ?

ኮንትራቱ ላይ የተጻፈው «የቤት ሥራ» ነው። ቤቱ ስትገቢ ግን ከጽዳቱና ከምግቡ ሌላ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት ይጠብቁሻል። ማንሳቱ፣ ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ ሌሊት መነሳቱ ሁሉ ያንቺ ይሆናል። በሊባኖስም፣ በሳዑዲም፣ በኩዌትም፣ በኤምሬትስም ይህን ሥራ የሚሠሩ እህቶች ብዙ ናቸው።

ይህ ሥራ በባዶ እጅ የሚሠራ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ከባድ በሽተኛ የሚነሳው ሁለት ሰው ተጋግዞ፣ ከፍና ዝቅ በሚል አልጋ ላይ ነው። አንቺ ግን ብቻሽን፣ ዝቅ ባለ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለሽ ታነሻለሽ። ዕቃው ሲጎድል ሁለት ሰው ይጎዳል፦ በሽተኛዋ የአልጋ ቁስል ይወጣባቸዋል፣ አንቺ ደግሞ ወገብሽን ታጫለሽ። ቁስሉ የወጣ ቀን ደግሞ «አልተንከባከብሽም» ተብላ የምትወቀሰው ሠራተኛዋ ናት።

ስለዚህ የትኛው ዕቃ እንደሚያስፈልግ፣ በርካሽ ከየት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ ለሁለታችሁም ይጠቅማል።

ወጪው የማን ነው?

የበሽተኛ ዕቃ የሚገዛው የበሽተኛው ቤተሰብ ነው። ጓንትም ቢሆን፣ ዳይፐርም ቢሆን፣ ዊልቸርም ቢሆን ከደመወዝሽ መቆረጥ የለበትም። በ2011 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ ጤናዋ በሚጠበቅበት ሁኔታ የመሥራት መብት እንዳላት ይናገራል። ሊባኖስና የባህረ ሰላጤው አገሮች ስምምነቱን አላጸደቁትም፤ በሊባኖስ ደግሞ የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ በብዙ ቤት ዕቃው የሚገኘው በክስ ሳይሆን በብልሃት በመጠየቅ ነው።

«አንቺ ግዢው፣ በኋላ እንሰጥሻለን» ከተባልሽ ገንዘቡን አስቀድመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ከገዛሽም ደረሰኙን (ፋቱራውን) አስቀምጪ።

መጀመሪያ፦ ምንም ገንዘብ የማያስወጣው

*የታጠፈ አንሶላ።* ጠንካራ አንሶላ ለሁለት አጥፈሽ ከትከሻ እስከ ጭን እንዲደርስ ከበሽተኛዋ ሥር አንጥፊ። ወደ ላይ ለመሳብ ስትፈልጊ በብብታቸው አትጎትቺ። አንድ ሰው በዚያ በኩል፣ አንቺ በዚህ በኩል አንሶላውን ይዛችሁ አንድ ላይ ሳቡ። ይህ ወገብሽንም የእሳቸውንም ቆዳ ያድናል። ለሁለት ደቂቃ ብቻ የሚያግዝሽ ሰው ጥሪ።

*ትራስ።* አንዱን ከባታቸው ሥር አድርጊ፤ ተረከዛቸው ፍራሹን ሳይነካ ይንጠልጠል። በጎን ሲተኙ ሌላውን በሁለቱ ጉልበቶች መካከል፣ ሌላውን ከጀርባ አድርጊ። ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎን ይቀየር።

*ብቻሽን ስታገላብጪ።* ወደ አንቺ እንዲዞሩ ከሆነ ከአንቺ የራቀውን ጉልበታቸውን እጠፊ፣ የዚያኛውን ጎን ክንድ ደረታቸው ላይ አድርጊ። ከዚያ ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ይዘሽ ወደ አንቺ ሳቢ። አንድ እግርሽ ወደፊት፣ ጉልበትሽ ትንሽ ታጥፎ ይሁን።

*ማየት።* በየቀኑ ስታጥቢ ጭራ አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ አካባቢ ተመልከቺ። የቀላ ቦታ በጣትሽ ተጭነሽ ስትለቂው ካልነጣ የቁስል መጀመሪያ ነው። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ከሆነ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከሌላው ቦታ የሞቀ ወይም የጠጠረ እንደሆነ ዳስሺ። ያንን ቦታ አትሺው፤ እንዳይተኙበት አድርጊና የዚያኑ ቀን ለቤተሰቡ ንገሪ።

በትንሽ ገንዘብ የሚገዙ

* ጓንት፦ 100 የያዘው ካርቶን ከትንሹ ፓኬት ይልቅ ይረክሳል። አንዱን ጓንት ሁለቴ አትጠቀሚ። ካወለቅሽ በኋላም እጅሽን ታጠቢ።
* ዳይፐር፦ ልኩ ካልሆነ ያፈሳል፤ ያኔ አንሶላውም ልብስሽም ተጨማሪ ሥራ ይሆናል። ከሥር የሚነጠፍ፣ ታጥቦ የሚመለስ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ ቢገዛ የዳይፐሩን ወጪ ይቀንሳል።
* የስኳር መለኪያ፦ ማሽኑ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ዘወትር ገንዘብ የሚበላው ስትሪፑ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ስትሪፕ ብቻ ስለሚቀበል መጀመሪያ የስትሪፑን ዋጋ ጠይቁ። የሚያበቃበትን ቀንም እዩ።
* የደም ግፊት መለኪያ፦ የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ክንድ ላይ የሚታሰረው ይሻላል።
* የመርፌ ማስቀመጫ፦ ለዚህ ዕቃ አይገዛም። ክዳን ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። የተወጋበትን መርፌ መልሰሽ አትክደኚ፤ በቀጥታ ወደ ጠርሙሱ ክተቺ።
* ሰፊ የወገብ ቀበቶ፦ በሽተኛዋ ወገብ ላይ ታስሮ ሲቆሙ የምትይዢው ነው። አንገትሽን እንዲይዙ ከመፍቀድ በብዙ ይሻላል።

አንድ የማይገዛ ነገር አለ፦ መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ የላስቲክ መቀመጫ። ለአልጋ ቁስል ጥሩ ይመስላል፤ ግን ዙሪያውን ተጭኖ የደም ዝውውር ስለሚያግድ ያባብሰዋል።

ውድ የሆኑት፦ ኪራይ፣ ውሰት ወይም ያገለገለ

ዊልቸር፣ እያፈራረቀ የሚነፋ የአየር ፍራሽ፣ ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ፣ ሽንት ቤት የሚሆን ቀዳዳ ያለው ወንበር፤ እነዚህን ሁሉ አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም።

ትልልቅ ሆስፒታሎች አካባቢ የሕክምና ዕቃ ሱቆች አሉ፤ ብዙዎቹ ያከራያሉ። ቤተሰቡ ሁለት ሦስት ሱቅ ይጠይቅ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የመግዣውን ዋጋ ለወር ኪራዩ አካፍሉ። 6 ከመጣና በሽተኛዋ ከ6 ወር በላይ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ መግዛቱ ይረክሳል። ከዚያ በታች ከሆነ መከራየቱ።

በነጻ ወይም በውሰት የሚገኘው ደግሞ ከሰው ነው። አዛውንት የሞቱበት ጎረቤት ዊልቸሩን ጓዳ አስቀምጦት ይሆናል። መስጊዶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና የሰፈር በጎ አድራጎት ማኅበራትም የሚያውሱበት ቦታ አለ። በሊባኖስ «ሙስተውሰፍ» የሚባለው የሰፈር ጤና ጣቢያ ምርመራና መድኃኒት በዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ዕቃ የሚያውስ ካለም ያመላክታል። በሳዑዲ የጤና ሚኒስቴር የቤት ለቤት ሕክምና አገልግሎት አለው፤ ቤተሰቡ በ937 ደውሎ መጠየቅ ይችላል። ነርስ ቤት ከመጣች ትክክለኛውን አያያዝ እንድታሳይሽ ጠይቂያት።

ያገለገለ ዕቃ ሲመጣ ይህን እዪ፦

* ዊልቸሩ ፍሬኑ ይይዛል? ሰው ተቀምጦበት ተገፍቶ ይሞከር።
* የአየር ፍራሹ ለጥቂት ሰዓት ተነፍቶ ይቆይ፤ የሚተነፍስ ቦታ ካለ አይገዛ። የአየር ፍራሽ ቢኖርም ማገላበጡ አይቀርም።
* ከውጭ የመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ከቤቱ መብራት ጋር ይስማማ።
* አፍ ወይም አፍንጫ ውስጥ የሚገባ፣ ቆዳ የሚወጋ ነገር ሁሉ አዲስ ብቻ ይሁን።

እንዴት ትጠይቂያለሽ?

ብዙ ጊዜ አብራሽ የምትውለው ማዳም ገንዘቡን አትወስንም። ወጪውን የሚከፍለው ልጅ ወይም ልጅት ማን እንደሆነ እወቂ። ከሁሉ የሚሻለው ሐኪም ያለበት ሰዓት ነው፤ ሐኪሙ ፊት «ብቻዬን ማንሳት አልቻልኩም፣ ምን ዕቃ ያስፈልጋል?» ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሙ ከጻፈው ቤተሰቡ ይሰማል፤ ኢንሹራንስ ካላቸውም ወረቀቱ ሊጠቅም ይችላል።

ስለራስሽ ሕመም ብቻ አታውሪ። «ቁስል ከወጣ ሆስፒታል ያስገባል፤ የሆስፒታሉ ወጪ ከፍራሹ ይበልጣል» በዪ። እውነትም ነው።

የሚረዱሽ ቃላት፦

* ዊልቸር፦ «ኩርሲ ሙተሐሪክ»፤ በሊባኖስ «ኪርሲ ደዋሊብ»
* የአየር ፍራሽ፦ «መርተበ ሀዋኢያ»፤ በሊባኖስ «ፈርሸት ሀዋ»
* ጓንት፦ «ቁፋዛት»፤ በሊባኖስ «ክፉፍ»
* ኪራይ፦ «ኢጃር»፣ ያገለገለ፦ «ሙስተዕመል»
* ብቻዬን አልችልም፦ «ማ አግደር ለሐሊ»፤ በሊባኖስ «ማ ብእደር ለሐሊ»

የጠየቅሽበትን ቀንና የነገርሽውን ሰው ትንሽ ደብተር ላይ በአማርኛ ጻፊ። «ማክሰኞ፣ ተረከዛቸው ቀላ፣ ለልጃቸው ነገርኩ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ነገ ቢወቅሱሽ መልስ ይኖርሻል። ቁስሉን ግን ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሺ፤ ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳት በባህረ ሰላጤው አገሮች ሊያስከስስሽ ይችላል። ይልቅ ቤተሰቡን ጠርተሽ በዓይናቸው እንዲያዩ አድርጊ።

ዕቃ የማይፈታው ነገር

ዕቃ እንቅልፍን አይተካም። ቀን ሙሉ የቤት ሥራ ሠርታ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ የምትነሳ ሴት ውላ አድራ ትታመማለች። በኤምሬትስ በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆኑ ያዛል። በኩዌት የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 68 የቀን ሥራን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። የሌሊቱን ተራ ቤተሰቡ እንዲካፈል፣ ካልሆነም ሌላ ሰው እንዲቀጠር ጠይቂ።

ያልተማርሽውንም አትሥሪ። ኢንሱሊን መውጋት፣ በቱቦ መመገብ፣ የሽንት ቱቦ መቀየር ነርስ ሳታሳይሽ የሚነካ ሥራ አይደለም።

በሽተኛዋ ሲወድቁ ተሸክመሽ ለማስቀረት አትታገዪ። ሰውነታቸውን አስደግፈሽ ቀስ ብለው መሬት እንዲቀመጡ አድርጊና ሰው ጥሪ። ለአምቡላንስ በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በኳታር 999 ነው።

ወገብሽን ያመመሽ ሕመም ወደ እግርሽ ከወረደ፣ እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ግን «ያልፋል» ብለሽ አትቆዪ። የዚያኑ ቀን ሐኪም እንዲያይሽ ጠይቂ። ደመወዝ ካልከፈሉሽ ወይም እንዳትታከሚ ከከለከሉሽ በሳዑዲ በ19911፣ በኤምሬትስ በ600590000 የሥራ ሚኒስቴሩን ማነጋገር ይቻላል። በሌላ አገር ያለሽ ኤምባሲውን ወይም ቆንስላውን አነጋግሪ።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ጀምሪ፦ ማታ አልጋውን ስታነጥፊ የታጠፈውን አንሶላ ከሥራቸው አድርጊ፤ ነገ ደግሞ ከላይ ካሉት ዕቃዎች የጎደለውን በወረቀት ጽፈሽ ለሚከፍለው ሰው ስጪ።