ጌጡ የሴት፣ መዶሻው የማን?

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ የብር መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ ወይም የጆሮ ጉትቻ ለአንዲት እናት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የክፉ ቀን ቁጠባዋም ሆኖ ኖሯል። ጌጡን የምታሠራው፣ የምታጌጥበትና ችግር ሲመጣ አውጥታ የምትሸጠው ሴት ናት። መዶሻውን የሚይዘው ግን ወንድ ነው። ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? ዛሬ አንዲት እናት ወይም ሠራተኛ እህት ብረት ላይ መቅረጽንና የሽቦ ጌጥ ሥራን ልማር ብትልስ ከምን ትጀምር?

የጉልበት ጉዳይ ነው የሚል ካለ ሥራውን ቀርቦ አላየም ማለት ነው። ለቀሚስ ጥለት የምትጠነቀቅ፣ ሰፌድ ስትሰፋ ስንደዶ ቆጥራ የምታስገባ እጅ ለዚህ ሙያ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት አስቀድማ ተምራለች። ምክንያቱ ልማድ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ፣ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩ በነበረበት ዘመን ወንዱ ብረት ይቀጠቅጥ፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራ ነበር። የብረቱ ሙያ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሲወርድ፣ ሌላው ሕዝብ ደግሞ ባለ እጁን «ቡዳ» እያለ ስለሚያገል ልጁን ወደ ወናፉ አያስጠጋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። የሚገርመው፣ የሰደበውም ሰው ጌጡን ከዚያው እጅ ገዝቶ ማድረጉ ነው።

ሙያው በአካባቢው የቱን ያህል ይከበር እንደነበር ለማወቅ አንድ ዕቃ ማንሳት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1740 ገደማ የተሠራውና እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ሆነው ለጎንደር ቁስቋም እንደሰጡት የሚታመነው የወርቅ አክሊል በቀጭን የሽቦ ሥራና በሐዋርያት ምስል የተዋበ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ወስዶት ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እዚህም ላይ አሠሪዋ ሴት መሆኗን ልብ ይሏል።

ወደ ተግባሩ እንመለስ። ልምምድ በብር አይጀመርም፤ መዳብ ይበቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ትንሽ የመዳብ ዝርግ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ድረስ በእሳት ግሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል። ከዚያ በሞቀ ቅጥራን ከእንጨት ጉማጅ ጋር ይጣበቃል። የመቅረጫው እጀታ መዳፍ ውስጥ ያርፋል፤ አውራ ጣት ዝርጉን ተደግፎ ለስለቱ ልጓም ይሆናል። ሌላው እጅ በምንም ምክንያት ከስለቱ ፊት መገኘት የለበትም፤ ስለቱ ሲያመልጥ የሚያርፈው እዚያው ነውና። በመጀመሪያ ቀጥታ መስመር፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች፣ ቆይቶ ክብ ይሞከራል። ክብ ሲቀረጽ የሚዞረው ዝርጉ እንጂ መቅረጫው አይደለም። ጀማሪዎች እጄ አልታዘዝ አለኝ እያሉ የሚያማርሩት አብዛኛውን ጊዜ ስለቱ ስለደነዘዘ ነው። ስለዚህ ከመቅረጽ በፊት በዘይት ድንጋይ ላይ መሳልን መማር ይቀድማል።

የሽቦው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። በእኛ አገር የተለመደው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ገምዶ፣ ጠፍጠፍ አድርጎና አጣጥፎ ከላይ መበየድ ነው። ሁለተኛው፣ የህንድ ቢድር ከተማና የስፔን ቶሌዶ የታወቁበት፣ ሽቦውን ብረቱ ውስጥ መቅበር ነው። ለዚህ ጠባብ ቦይ ይቆፈራል፤ የቦዩ ግድግዳ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ማለት አለበት። ሽቦው ከቦዩ አፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥና በቀስታ ሲቀጠቀጥ ወደ ጎን ተስፋፍቶ ይነክሳል፤ ትርፉ በሞረድ ይስተካከላል። ብየዳ የለውም፤ በእኔ አስተያየት ልጅ ላለበት ቤት የሚመረጠው ይኸኛው ነው። በቢጫ ናስ ላይ ቀይ የመዳብ ሽቦ መቅበር ለመጀመሪያው ልምምድ ርካሽ ነው፤ ስሕተቱም በግልጽ ይታያል።

ብየዳ የምትፈልግ እናት ግን ከማእድ ቤት መራቅ አለባት። እርሳስ ያለበት መበየጃ ለጌጥም ሆነ ለቤት አይሆንም፤ ሕፃናትን ይመርዛል። ካድሚየም ያለበት የብር መበየጃ ደግሞ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ጌጡ የሚጸዳበት አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። አሲድ የነካው ሳህን ወደ ምግብ አይመለስም። መነጽር ለባለሙያም ለጀማሪም አይቀርም።

መምህሩስ? ሞረድ፣ ልኬትና ብየዳ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ክፍል ይገኛል። ቅርጹን ግን ከአንጥረኛ አጠገብ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ሁለት ሦስት ቅዳሜ እየሄዱ ማየትና ጉጠት ማቀበል ይሻላል። ሴት ልጅ ወናፍ አጠገብ ምን ትሠራለች የሚል አይጠፋም፤ ካየ በኋላ ይለምደዋል። ደመወዝ ያላትም ሥራዋን አትልቀቅ፤ በዓመት ውስጥ ከዚህ ሙያ ብቻ እንጀራ ይገኛል ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ብር በሚገዛበት ጊዜ ጥንቃቄ ያሻል። ቀድሞ አንጥረኛው ያቀልጠው የነበረው ጠገራ ብር፣ 1780 የሚል የተቀረጸበት ማርትሬዛ፣ 28 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ከሺሁ 833ቱ እጅ ንጹሕ ብር ነው። ዛሬ በብር ስም የሚሸጠው ነጭ ነገር አንዳንዴ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል የተቀላቀለበት ሆኖ ይገኛል። ማግኔት አለመሳቡም ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱንም አይስብምና። በሚያውቅ አንጥረኛ አስፈትኖ መግዛት ነው። ከተገዛ በኋላም ጭን ላይ ቆዳ አንጥፎ መሥራት የአንጥረኞች ልማድ ነው፤ ከሞረድ የሚረግፈው ብናኝ ተሰብስቦ እንደገና ይቀልጣል።