ክፉ የቡና ዓመታት ያቆዩዋቸው መኪኖች

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች አሮጌ መኪና የሚያፈላልግ ደላላ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ወይም ስለ ቀለሙ አይደለም። ሊብሬው አለ ወይ? በማን ስም ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ፣ በጓሮ የቆመው ቮልስዋገንም ሆነ ሸራ ለባሹ ላንድሮቨር ዋጋው በኪሎ ነው፤ ገዢውም ቁራሌው ነው። መልስ ካገኙ ግን ያው መኪና ወደ ሌላ ገበያ ይሻገራል። በዚያኛው ገበያ የዋጋ ዝርዝር የለም፤ ዋጋውን የሚወስኑት የሻጩ ችግርና የገዢው ፍቅር ናቸው።

ይህ ሁለተኛው ገበያ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ቮልስ እዚያ ዛሬም በየመንደሩ የሚታይ፣ የራሱ መካኒኮችና የራሱ አፍቃሪዎች ያሉት መኪና ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ሲያወጣ ያሳፈራቸው በቮልስዋገን መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ያገኘ ትንሽ መኪና በሌላ አገርም ብዙ አይገኝም። ሐረር በበኩሏ በፔጆ 404 ታክሲዎቿ ትታወቃለች። የጅማው ጉዳይ ግን ከሁለቱም ይለያል። እዚህ መኪናውን የሚያኖረውም የሚያጠፋውም የቡና ዋጋ ነው። ነገሩ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቡና ሲወድቅ አሮጌው መኪና ይጠገናል፣ ቡና ሲነሣ ይጣላል።

ውርጭ በብራዚል፣ መኪና በአጋሮ

ጅማን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የመኪና መንገድ የጠረጉት በወረራው ዘመን ከተማዋን የደቡብ ምዕራብ አስተዳደራቸው መቀመጫ ያደረጓት ጣልያኖች ናቸው። እነርሱ በ1933 ቢሸነፉም መንገዱ፣ የፈረንጅ አራዳ ግንቦችና የጋራዡ ቋንቋ ቀርተዋል። ዛሬም መካኒኩ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ ይላል። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው። ሊብሬና ቦሎ ራሳቸው የጣልያን ቃላት ናቸው።

መንገዱ ላይ መኪና ያበዛው ግን ቡና ነው። በሐምሌ 1945 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው፤ በተከታዩ ዓመት የዓለም ዋጋ ናረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ደግሞ በኮታ አማካይነት ዋጋውን ጥቂት አረጋጋው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራና ከቦንጋ ቡና የሚሰበስበው ነጋዴ ለጫካው መንገድ ላንድሮቨር፣ ለከተማው ደግሞ ፊያት ወይም ቮልስ መግዛት የቻለው በእነዚህ ዓመታት ነው። ጭነቱን የሚያወርዱት ኤንትሬ የሚባለው ፊያት 682 ኤን 3 እና እንደ ሎንቺና ያሉ የጣልያን መኪኖች ነበሩ። ሎንቺና ስሙን ያገኘው ኦ.ኤም. የተባለው የጣልያን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ከሠራው ሊዮንቺኖ፣ ማለትም ትንሹ አንበሳ፣ ከሚለው ነው።

ከዚያ ገበያው ተዘጋ። የካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሱ። መኪናው ካልተወሰደበት ለቀድሞው ባለ ቡና ከቀሩት ጥቂት የግል ንብረቶች አንዱ ሆነ። በዚያው ሰሞን በብራዚል ሌላ ውርጭ ወረደ፤ በ1969 ሚያዝያ ቡና በፓውንድ ከ3 ዶላር አለፈ። ጭማሪው ግን በቀረጥና በመንግሥት ኮርፖሬሽን በኩል ሄደ እንጂ በነጋዴው ኪስ አልገባም። አዲስ የግል መኪና ማስገባት ከባድ ነበር፤ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ስለዚህ ያለው መኪና ተጠገነ፤ ሲሰበር ተበየደ፤ ከሦስት መኪና አንድ መኪና ተሠራ። በአውሮፓ በእነዚያ ዓመታት በገፍ ወደ ብረት መቅለጫ የተላኩ መኪኖች እዚህ ሥራ ላይ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ፍቅር አልነበረም፤ ምርጫ ማጣት ነበር።

መጣሉ የመጣው ከ1983 በኋላ ነው። በ1985 ብር ከ2.07 ወደ 5 ብር በዶላር ወረደ፤ የቡና ንግድ ለግል ላኪ ተከፈተ፤ በ1986 ክረምት ላይ ብራዚልን እንደገና ውርጭ መታት። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ተገጣጠመለት። ያ ገንዘብ የገዛው ኢሱዙና ቶዮታ ፒክ አፕ ነው። ኢሱዙ ፈጥኖ የሚደርስ፣ በየከተማው መለዋወጫ ያለው፣ ዕዳውን በሁለትና ሦስት መኸር የሚከፍል መኪና ስለነበር ውሳኔው ለነጋዴ ትክክል ነበር። አሮጌው ላንድሮቨር ግን የዶሮ ማደሪያ ሆነ። አካሉ አሉሚኒየም በመሆኑ ደግሞ ቀልጦ ድስት ለመሆን የሚፈለግ ነበር። በ1994 ቡና በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ የተጣለው እንደገና ተፈልጎ ተነሣ፤ ቀልጦ ያለቀውን ግን የሚመልሰው አልነበረም።

አሁን የተለወጠው

በየካቲት 2017 የኒው ዮርክ የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በቀድሞው ልማድ ቢሆን የቀሩት አሮጌ መኪኖች የሚያልቁበት ዓመት ይሆን ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጥተዋል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጫነባቸው። በጥር 2016 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ገደማ ከ100 ብር ተሻገረ።

የሦስቱ ድምር ለአሮጌ መኪና ባለቤት ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ባለ ሀብት ከጀርመን ወይም ከጣልያን የተጠገነ ክላሲክ መኪና አስመጥቶ ማቆም አይችልም። የሚፈልገውን የሚያገኘው አገር ውስጥ ካለው ክምችት ብቻ ነው፤ ያ ክምችት ደግሞ በየዓመቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ደላሎች ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አልፈው ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ዓይናቸውን የሚጥሉበት ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ዕድል ያየ ነጋዴ ወዲያው "ቡና ከምከዝን መኪና ልከዝን" ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ቡና ሲከዘን ቢያንስ የኒው ዮርክ ዋጋ በየቀኑ ይታያል፤ የመኪናው ዋጋ ግን እስኪሸጥ ድረስ አይታወቅም።

ምኑ ይገዛል?

ከአራት ጎማዎቹ መካከል ለገዢ የማያስቸግረው ቮልስ ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የጊቤን በረሃ ሲወጣ የሚፈላ ራዲያተር የለውም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ የመጨረሻውን እስኪሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስላመረተ፣ ብራዚልን ጨምሮ መለዋወጫ የሚሠሩ አገሮች ዛሬም አሉ። ዕድሜው ከኋላ መስኮቱ ይነበባል፦ መስኮቱ ለሁለት የተከፈለው እ.ኤ.አ. ከ1953 በፊት፣ እንቁላል የሚመስለው እስከ 1957፣ ሰፊው አራት ማዕዘን ከዚያ ወዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውጭ ገበያ ብርቅ ናቸው። አንድ ባለ ጋራዥ ዘመናዊ ላስመስለው ብሎ መስኮቱን ካሰፋው ብርቅነቱን በመጋዝ ቆርጦ ጣለው ማለት ነው።

ላንድሮቨር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። አሉሚኒየሙ አካል አይዝግም፤ ገዢው ይህን አይቶ ይታለላል። የሚበሰብሰው ከሥር ያለው የብረት ሻሲና ከሞተሩ ኋላ ያለው የብረት ግድግዳ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከላይ የሚያይ ባለ ሀብት፣ ከሥር ገብቶ በመዶሻ የሚያንኳኳ ባትላሜራ ይዞ መሄድ ይገባዋል። መብራቶቹ መሐል ከፍርግርጉ አጠገብ ከሆኑ መኪናው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1969 በፊት የተሠራ ነው፤ ወደ ክንፎቹ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የሞተር ሳይክሉ ነገር ሌላ ነው። ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ላምብሬታ በ1947 ጣልያን ከጦርነት ፍርስራሽ ስትነሣ የተወለዱ የድኻ መጓጓዣዎች ነበሩ። ዛሬ በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ይሻሟቸዋል። ለቡና ከተሞች ሰው የሚያስገርመው ዝምድና ግን እዚሁ መንገድ ላይ አለ። ጅማን የሞላት ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ስሙን ያገኘበት የሕንድ ኩባንያ፣ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መባቻ ድረስ ከቬስፓ ሠሪው ከፒያጆ በተሰጠው ፈቃድ ስኩተርና ባለ ሦስት እግር ይሠራ ነበር። በግራ እጅ መያዣውን በማዞር ማርሽ መለወጥ ከዚያ የመጣ ውርስ ነው። መለዋወጫውን ግን ይጋራሉ ብሎ የሚሸጥ ካለ አይታመን። የዘንድሮው ባጃጅ ባለ አራት ምት ሞተር ነው፤ የጥንቱ ቬስፓ ባለ ሁለት ምት ሆኖ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ነው። ጎማውም ቢሆን የባጃጁ 4.00 በ8፣ የብዙዎቹ የጥንት ቬስፓዎች 3.50 በ8 ነው፤ ቁመቱ አንድ፣ ወርዱ ሁለት። ቬስፓው አንድ ጥሩ ጎን አለው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ከዝናብ ተጠልሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ የመጠለያ ኪራይ አይበላም።

ፊያት 600፣ ማለትም የድሮው ሰይቼንቶ ታክሲ፣ ናፍቆት ላለው ካልሆነ ለትርፍ ፈላጊ አይመከርም። ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ዝገቱ ብዙ ነው።

የወራሾች ጣጣ

እውነተኛው ማነቆ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና የሚታወቀው በመዝገብ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ግን የተመዘገቡት በሕይወት በሌሉ አባቶች ስም ነው። ልጆቹ አንዱ ጅማ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ናቸው። ለመሸጥ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከባሕር ማዶው ልጅ ውክልና፣ የተጠራቀመ የቦሎና የምርመራ ክፍያ፣ ከዚያ ውል፣ ከዚያ የስም ዝውውር ያስፈልጋል። የሞተር ቁጥሩ በጥገና ምክንያት ከሊብሬው የሚለይ ከሆነ ሌላ ደጅ መጥናት ይጨመራል። ከሦስት መኪና አንድ መኪና የተሠራበት ያ የደርግ ዘመን ብልሃት ዛሬ ዕዳ ሆኖ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የወጪውን መጠን ያየ ወራሽ ብዙ ጊዜ መኪናውን ገነጣጥሎ መሸጥን ይመርጣል። ሞተሩ ለአንዱ፣ በሮቹ ለሌላው፣ መሪው ለሬስቶራንት ማስጌጫ ይሄዳል። ይህን አሠራር ብልህነት አድርገው የሚያወሩ ደላሎች አሉ፤ ስሌቱ ግን ስሕተት ነው። በየቁራጩ የሚገኘው ገንዘብ ቶሎ ይገኛል እንጂ ይበልጣል ማለት አይደለም። ሊብሬ ያለውና ሙሉ የሆነ መኪና እየጠፋ በሄደ ቁጥር ሙሉው ከቁራጮቹ ድምር እየራቀ ይሄዳል። ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ የተበተነ መኪና መዝገቡ ቢቀርም ዳግመኛ አይሰበሰብም።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሂሳቡን አስቀድሞ ቢሠራ ይሻለዋል። ከግዢው ሌላ የባትላሜራና የቀለም፣ ከውጭ የሚመጣ የጎማ ነክ ዕቃ፣ ደረቅ ማቆሚያ፣ ደግሞም ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ያስፈልጉታል። የመጨረሻው እያነሰ ነው። ካርቡራቶር በጆሮው አዳምጦ የሚያስተካክለው ትውልድ እያረጀ ሲሆን ወጣቶቹ የሚማሩት በኮምፒዩተር የሚመረመረውን ሞተር ነው። በቅርቡ ሊሸጠው የሚያስብም ቢሆን ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውለው፤ ይህ ገበያ ነገ ገዢ አምጣልኝ የሚባልበት አይደለም።

ለሻጭም ለገዢም ወቅቱ ይለያል። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ በእነዚህ ወራት ገንዘብ በእጅ ስላለ የአባቱን መኪና ለመሸጥ የሚቸኩል የለም። ክረምት ሲገባ እጅ ያጥራል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይቀርባል፤ ደላላውም ያኔ ይመጣል። ገዢው የሻሲውን ዝገት ለማየት ከመኪናው ሥር ጭቃው ላይ የሚተኛውም በዚሁ ሰሞን ነው።