የኮንጎ ጣዎስ

በመካከለኛው አፍሪካ፣ በኮንጎ ወንዝ ተፋሰስ በሚገኘው ጥቅጥቅ ያለ የቆላ ደን ውስጥ አንድ ወፍ ይኖራል። ይኸውም የኮንጎ ጣዎስ ይባላል። ቀኑን በምድር ላይ እየተመላለሰ ፍራፍሬና ነፍሳት ይለቅማል፤ ሲመሽ ግን ለማደር ዛፍ ላይ ይወጣል። ሌሎቹ የጣዎስ ዓይነቶች የሚኖሩት በእስያ ሲሆን፣ የአፍሪካ ተወላጅ የሆነው ይህ ብቻ ነው።

ወንዱ ጥቁር ሰማያዊ ላባ አለው፤ በላዩም አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ያብለጨልጭበታል። የአንገቱ ቆዳ ላባ የሌለበትና ቀይ ነው። በአናቱ ላይ ነጫጭና ቀጫጭን ላባዎች ቆመው ይታያሉ። ሴቲቱ ግን ቡናማ ስትሆን ጀርባዋ አረንጓዴ ነው። እንደ ህንድ ጣዎስ ያለ፣ ዓይን መሳይ ነጠብጣብ ያለበት ረጅም ላባ ወንዱም የለውም።

የአገሬው ሰዎች ወፉን ቀድሞም ያውቁት ነበር። የሳይንስ ሊቃውንት ግን ስለ እርሱ ያወቁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ጄምስ ቻፒን የተባለ አሜሪካዊ የአዕዋፍ ተመራማሪ በኢቱሪ ደን ሳለ፣ በአንድ የአገሬው ሰው ቆብ ላይ የተሰካ ላባ አየ። ላባው ቻፒን ከሚያውቃቸው ወፎች የአንዱም አልነበረም። ሆኖም «ምንም አይደለም» ብሎ አልተወውም፤ በጥንቃቄ አኖረው።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ቻፒን በቤልጂግ አገር በቴርቩረን የሚገኘውን የኮንጎ ሙዚየም ሲጎበኝ፣ ቆዳቸው ተሞልቶ የተቀመጠ ሁለት ወፎች ተመለከተ። በተለጠፈባቸው ጽሑፍ ላይ ገና ያላደጉ የህንድ ጣዎሶች መሆናቸው ተመልክቷል። ቻፒን ግን ጽሑፉን ብቻ አላመነም። የሴቲቱ ላባ እርሱ ካኖረው ላባ ጋር አንድ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ወፉ በሳይንስ ያልታወቀ አዲስ ዓይነት መሆኑን በዚያው ዓመት በጽሑፍ ገለጸ። በማግስቱ ዓመትም ወደ ኮንጎ ተመልሶ ከወፎቹ ጥቂቱን አገኘ። እንግዲህ ወፉን በሙዚየሙ ውስጥ ሰውሮ ያቆየው የተሰጠው የተሳሳተ ስም ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የኮንጎ ጣዎስን የሚያሰጋው የስም ስሕተት አይደለም። ደኑ ለእርሻና ለማዕድን ቁፋሮ ይመነጠራል፤ በምድር ላይ ስለሚመላለስም በአዳኞች ወጥመድ በቀላሉ ይያዛል። እንደ ሳሎንጋ ብሔራዊ ፓርክ ያሉ ጥብቅ ሥፍራዎች ከመጠለያዎቹ መካከል ናቸው። ደኑ ከጠፋ ወፉም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በሙዚየም የሚቀመጥ ላባ ሕያውን ወፍ ሊተካው አይችልም።