ሆት ቸኮሌት ለምን ሥሩ ላይ ይተኛል?

የሆት ቸኮሌት የመጨረሻው ጉንጭ ሁልጊዜ ሌላ ነው። ላዩ ቀጭን ወተት፣ ሥሩ ወፍራም ቡናማ ዝቃጭ። ጥፋቱ የማማሰያችሁ አይደለም፤ ካካዎ ወተት ውስጥ አይሟሟም።

ካላመናችሁ ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አቅርቡ። አንዱ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ሌላው ላይ አንድ ማንኪያ ካካዎ ጨምራችሁ በደንብ አማስሉና ሩብ ሰዓት ተዉአቸው። ስኳሩ የት እንደገባ አታገኙትም። ካካዎው ግን ታች መውረድ ጀምሯል። በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ነበር እንጂ ከውሃው ጋር አንድ አልሆነም።

ታዲያ የጥሩ ቸኮሌት ቤት መጠጥ ለምን እንዲህ አይለያይም? ፓሪስ፣ ሪቮሊ ጎዳና ላይ አንጀሊና የሚባል ሻይ ቤት አለ። ኦስትሪያዊው ጣፋጭ ሠሪ አንቶን ሩምፕልማየር እ.ኤ.አ. በ1903 የከፈተው ነው። ስመ ጥር ያደረገው ሆት ቸኮሌቱ «አፍሪካዊው» ይባላል፤ ካካዎው ከአፍሪካ ስለሚመጣ ነው። በማንቆርቆሪያ ይመጣል፣ የተመታው ክሬም ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀርባል። ሲቀዳ በቀስታ እየተጎተተ ይወርዳል፣ ስኒው ግድግዳ ላይም ተለጥፎ ይቀራል። እኔን ከጠየቃችሁ ግማሽ ስኒው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ውሃ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ወፍራም መጠጥ የሚሠራው ከዱቄት ሳይሆን ከቸኮሌት ነው። ልዩነቱ ቅባቱ ላይ ነው። የካካዎ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1828 በኔዘርላንድ የቫን ሃውተን ቤተሰብ ይህን ቅባት በመጭመቂያ ጨምቆ ማውጣት ቻለ። ጭማቂው የካካዎ ቅቤ ሆነ። የቀረው ደረቅ ቂጣ ሲፈጭ ደግሞ ጓዳችሁ ውስጥ በቆርቆሮ ያለው ዱቄት ሆነ። ቸኮሌት ግን ቅባቱን እንደያዘ ነው።

የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከአፋችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ይላል። ትኩስ ወተት ውስጥ በደንብ ሲመታ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበተናል፣ የወተቱ ፕሮቲንም ይሸፍነውና ተመልሶ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። የካካዎው ቅንጣት ደግሞ በፋብሪካው እጅግ ደቅቆ ስለተፈጨ ምላስ አይለየውም። (የጾም ነገር ለሚያሳስባችሁ፦ የካካዎ ቅቤ ከዕፅዋት ነው። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት በውሃም ያምራል፤ ማሸጊያውን ማንበብ ብቻ ነው።)

ቤት ውስጥ ለመሥራት ለአንድ ኩባያ ወተት 50 ግራም ያህል ጥቁር ቸኮሌት ከትፋችሁ፣ ወተቱ ሊፈላ ሲል ከእሳት አውርዱና ጨምሩበት። ከዚያ ሳታቋርጡ ምቱት። ጣሊያኖች የበለጠ እንዲወፍር ጥቂት የበቆሎ ስታርች ይጨምሩበታል።

ያላችሁ ዱቄት ብቻ ከሆነስ? የሽሮን ብልሃት ተጠቀሙ። ሽሮ ደረቁን የፈላ ውሃ ላይ ቢበተን ይጓጉላል፤ የጓጎለው ውጪው ረጥቦ ይጣበቅና ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሞ ሲበጠበጥ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ለየብቻው ይርሳል። ካካዎም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የቀረችው ቅባት ውሃን ስለምትገፋ ይብስበታል። ሁለት ማንኪያ ካካዎና ስኳሩን በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት ለውሱ፣ ልውሱ ሲያብረቀርቅ ትኩሱን ወተት ቀስ እያላችሁ አፍስሱ።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ። ዱቄቱን ትኩስ ኩባያ ውስጥ ጨምራችሁ እንዳማሰላችሁ፣ በማንኪያው ጫፍ የኩባያውን ሥር ከውስጥ በኩል ኳ ኳ አድርጉ። ሳታቋርጡ ምቱ። መጀመሪያ ወፍራም የነበረው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል።

ማንኪያውም ኩባያውም አልተለወጡም። የተለወጠው የመጠጡ ውስጥ ነው። ዱቄት ሲገባ አየር ይዞ ይገባል፣ ትኩሱ ፈሳሽም በውስጡ የያዘውን ጋዝ ይለቃል፤ መጠጡ በጥቃቅን አረፋ ይሞላል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አረፋ ሲቀላቀልበት ግን ፍጥነቱ በአየር ውስጥ ካለው፣ ከ340 ሜትርም በታች ሊወርድ ይችላል። ምክንያቱም ፈሳሹ እንደ ውሃ ከባድ እንደሆነ ነው፤ አረፋው ግን ሲጫኑት እሺ ይላል። ከባድና ልል ነገር ውስጥ ድምፅ ይዘገያል፣ ሲዘገይም ይወፍራል። አረፋው ወደ ላይ እየወጣ ሲያልቅ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ፍራንክ ክሮፎርድ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለዚሁ የጥናት ጽሑፍ አሳትመዋል፤ ክስተቱንም በሆት ቸኮሌት ስም ጠሩት። በኔስካፌም ይሠራል።

ድምፁ ቀጥኖ ሲቆም እንደገና አማስሉት፤ ተመልሶ ይወፍራል። ደጋግማችሁ ስታማስሉ ግን ጋዙ እያለቀ ስለሚሄድ ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ልጆች ካሉ ተራ በተራ ያድርጉት፣ ትኩስ ነውና ኩባያውን እናንተ ያዙላቸው።