በያገሩ ሄዶ ጥብስ ብቻ መብላት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ለመንግሥት ሥራ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ አንዱ ከተማ የሄደ ሰው፤ ማታ ደክሞት ሆቴል ገብቶ ሲቀመጥ፤ አሳላፊው ምን ሊለው እንደ ሆነ ገና አፉን ሳይከፍት ያውቀዋል። «ጥብስ አለ፤ ክትፎ አለ፤ ተጋቢኖ አለ፤ ፍርፍር አለ፤ ፓስታ በሥጋ አለ፤ ፓስታ ባትክልት አለ» ይላል። ከተማው ጎባ ቢሆን ያው ነው፤ አሶሳ ቢሆን ያው ነው፤ ጂንካም ቢሆን ያው ነው። ዝርዝሩን ለሁሉም አንድ ሰው የጻፈላቸው ይመስል የቃሉ ተራ እንኳ አይለወጥም። እኔ በሥራዬ ጠባይ ምክንያት በያመቱ ሦስት አራት ወር ያህል በመንገድ ላይ የማሳልፍ፤ ደግሞም ሆዴን የምወድ ሰው ስለ ሆንሁ፤ ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ሳስተውለው ቆይቻለሁ። እንደኔው የውሎ አበል እየተቀበሉ የሚጓዙ ብዙዎች ስላሉ፤ ያየሁትንና የቀመስሁትን ባካፍላቸው አይጠሉኝም ብዬ ይህን ጽሑፍ ልኬአለሁ።

ጥብስን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላውም። ዳሩ ግን ሰው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፤ ወገቡ በመኪና ተንገላቶ፤ በመጨረሻው ከሰፈሩ ሥጋ ቤት የሚያገኘውን ያንኑ ጥብስ የሚበላ ከሆነ፤ ጉዞው ለዓይኑ እንጂ ለአፉ አልሆነም ማለት ነው። ይልቁንም የሚያስቆጨው፤ ከሆቴሉ አጥር በስተጀርባ ባለው ቤት ውስጥ እመቤቲቱ አዲስ አበባ ላይ በገንዘብ ተፈልጎ የማይገኝ ምግብ እያሰናዳች መሆኗ ነው። የምግቡ ሽታ በመስኮት እየገባ እኛ ፓስታ እንጠቀልላለን።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ሆቴል የሚባለው ነገር ወደ አገራችን ሲገባ በመጀመሪያ የታሰበው ለውጭ አገር ሰው ነበር። አገሬውማ ዘመድ ዘንድ ያድራል፤ ዘመድ ባይኖረው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ይገባል፤ ስንቁንም በሶም ሆነ ጭኮ ይዞ ይወጣል እንጂ እራቱን አይገዛም ነበር። የቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር በሚሠራበት ዘመን አዋሽ ጣቢያ ላይ ተሳፋሪ እየወረደ ይመገብበት የነበረው ቡፌ በፈረንጅ ደንብ የተሰናዳ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜም ፓስታውና ማካሮኒው፤ ኮተሌቱና ሮስቶው በየከተማው ተዛመተ። ጠላት ወጣ፤ ፓስታው ግን ቀረ፤ እኛም ወደድነው። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። የሚያሳፍረው ሆቴል ማለት ጥብስና ፓስታ፤ የአገሩ ምግብ ማለት ደግሞ የድኻ ቤት ጓዳ ነው የሚለው አስተያየት አብሮ መቅረቱ ነው።

አንድ ጊዜ ሆሳዕና ለሥራ ሄጄ ሳለሁ ያረፍሁበትን ቤት ባለቤት፤ ዕድሜአቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ «እናቴ፤ እናንተ ዛሬ ምን በላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ደንገጥ ብለው «ይኸ የኛ የቤት ምግብ ነው ልጄ፤ ለእንግዳ አይቀርብም» አሉኝ። ለምኜ ቀረበልኝ። ቆጮ ነበር፤ ትኩስ፤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ፤ ከጎኑ ጎመንና ዓይብ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእንሰት አገር ሳልፍ ሌላ አላዝዝም።

ስለ እንሰት ጥቂት ባትት አንባብያን ይታገሡኝ፤ ምክንያቱም ከደቡብ ካልሆንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በስሙ ብቻ ነው። ለጎጃምና ለጎንደር ሰው ኮባ ማለት ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ በታች ያለው ግንድና ሥር ለሚሊዮኖች እንጀራ መሆኑን አያስበውም። ዛፉ ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። ተተክሎ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ሴቶቹ ግንዱን እየዘረጠጡ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ሥሩንም ይደቁሱታል። ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ከታች ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህ ዝቃጭ ቡላ ነው፤ ገንፎው ለአራስና ለታመመ ሰው የሚመረጥ። የቀረው በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ይቀበርና ከሳምንታት እስከ ብዙ ወራት እየቦካ ይቆያል፤ ቆጮ የሚባለው ይኸው ነው። ሥሩ ብቻውን ሲቀቀል አሚቾ ይባላል፤ እንደ ድንች ይበላል። ቃጫው ለገመድ ይሆናል፤ የሚጣል ነገር የለውም። የዱር እንሰት በሌላም የአፍሪቃ አገር ይበቅላል፤ አልምቶ ምግቡ ያደረገው ግን ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በእርሱ እንደሚኖር ይነገራል። በ1977 ዓ.ም. በብዙው የአገራችን ክፍል ረኃብ በጸና ጊዜ የእንሰት አገሮች የተሻለ መቋቋማቸውን የግብርና ሊቃውንት ጽፈውታል። እንዲህ ያለውን ምግብ ነው እንግዲህ «ለእንግዳ አይቀርብም» የምንለው።

ጥሩ ቆጮ ከመጥፎ ቆጮ የሚለየው በማብሰያው አይደለም፤ ወራት በፈጀው በጉድጓዱ ሥራ ነው። መቼ እንደሚገለጥ፤ መቼ እንደሚገላበጥ፤ እርሾው ምን ያህል እንደሚሆን፤ ይህ ሁሉ ከናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጂ በመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። ልጂቱ ተምራ ከተማ ገብታ ቢሮ ስትቀመጥ (መቀመጧ ደግ ነው) እናቲቱ ዕውቀቱን ለማን ታወርሳለች? ገበያ ያለው ሙያ ወራሽ አያጣም። ገበያ የሌለው ግን ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ስለዚህ የእንግዳው ትእዛዝ እንዲያው የሆድ ነገር ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

«የጓዳ ምግብ በከተማ አይሸጥም» የሚል ቢኖር ክትፎን ይመልከት። የጉራጌ ሰው ለመስቀል ወደ አገሩ ገብቶ ይበላው የነበረውን ክትፎ በአዲስ አበባ ለገበያ አወጣው፤ ዛሬ ክትፎ የማይታዘዝበት ግብዣ የለም። ከርሱም ጋራ ቆጮው፤ ዓይቡና ጎመኑ ተከትለው ገቡ። ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል የሚሄድ ሰው ከሐይቁ የወጣውን ዓሣ እዚያው በዘይት ተጠብሶ ይበላል፤ ማንም አያፍርበትም፤ እንዲያውም ከሩቅ ይመጡለታል። እንግዲያስ ስለ ምን ዓዲግራት የገባ ሰው ጥሕሎን ዞሮ ዞሮ ይፈልገዋል? የተቆላ የገብስ ዱቄት ተለውሶ በትንንሹ ይድበለበላል፤ በመኻል ወጡ ይቀመጣል፤ ሁሉም ጫፉ በተሰነጠቀ እንጨት እየወጋ፤ ወጡ ውስጥ እያጠለቀ ይጎርሳል። ከምግብነቱ ይልቅ ጨዋታነቱ ይበልጣል፤ ባለሥልጣንና ጸሐፊ ባንድ ገበታ ዙሪያ እንጨት ሲሰብቁ ማየት በራሱ ያጠግባል። ሐረር ደግሞ ፍሬውን ለዓለም የሸጠ አገር የቡናውን ቅጠል ቁጢ ብሎ በወተት ያፈላል። ጅጅጋ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ አለ። ወላይታ ዳጣው አለ፤ ሥጋን የሚያስበላ፤ ዓይንንም የሚያስለቅስ።

እነዚህን ሁሉ የማገኝበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ላልሞከሩት ልንገራቸው። በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር መጠየቅ ነው። ሾፌር የት ምን እንደሚበላ ያላወቀበት አገር አላየሁም። ሁለተኛው በገበያ ቀን ገበያ መውጣት ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው አሳላፊውን ትቶ እናት ወጥ ቤቷን መጠየቅ ነው፤ «እናንተ ለራሳችሁ የሠራችሁት የለም ወይ?» ሲባሉ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ያፍራሉ፤ ኋላ ግን ደስ ይላቸዋል፤ አንዳንዴም ገንዘብ አንቀበልም እያሉ ያስቸግራሉ።

የሥራ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ይቃወሙኛል። አንደኛው «የማያውቁት ምግብ ሆድ ያውካል» የሚል ነው። የበሰለና ትኩስ ከሆነ ምንም አያደርግም፤ ሆድ ሲያውክ ያየሁት ይልቅ ለብዙ ቀን የተቀመጠ የሆቴል ስጎ ነው። ሁለተኛው «የውሎ አበሉ አይበቃም» የሚል ነው። ይህስ ተቃራኒው እውነት ነው፤ የአገሩ ምግብ ከአገሩ እህልና ሥር ስለሚሠራ፤ እኔ በደረስሁበት ሁሉ ከጥብስ ረክሶ አግኝቼዋለሁ።

ከጉዞ ስመለስ ደግሞ ባዶ እጄን አልገባም። ነቀምቴ ገበያ አንጮቴ አይቼ ገዛሁ። አንጮቴ የዱባ ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው፤ የሚበላው ግን ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። ወለጋ ለመስቀል ያለ እርሱ አይሆንም፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰውም እንዲጠግነው ይመገበዋል። የሸጠችልኝ ሴት «እንዳትልጠው፤ ከነልጣጩ ቀቅለው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። አዲስ አበባ ገብቼ በእሑድ ቀን ሽርጥ ታጥቄ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላም ቅቤውን ነጥራ በኮረሪማ አምጥታ ሰጠችኝ። ከነልጣጩ ተቀቅሎ፤ ሲበርድ ተልጦ፤ ደቀቅ ተደርጎ፤ በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ ቀረበ። ልጆቼ «ድንች ነው» ብለው ጀመሩ፤ ሁለተኛ ሲጎርሱ ግን ድንች አለመሆኑን አወቁ። በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ይህን ባወራ አንዱ ጓደኛዬ «አንተ ደግሞ ወንድ ሆነህ ምጣድ ሥር!» አለኝ። ሆኖም ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ከፍቼ ሳቀርብ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሰደደው እርሱ ነበር።

ባለ ሆቴሎችን የምጠይቃቸው ትልቅ ነገር አይደለም። ጥብሱም ፓስታውም ይቆይ። ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩና የአገራቸውን ምግብ በስሙ ይጻፉት፤ ቢቻል በሳምንት አንድ ቀን ቆርጠው፤ ዘወትር ማድረግ ባይሆንላቸው። በስብሰባና በኮርስ ጊዜ መስተንግዶ የሚያዙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ሁለት መቶ ሰው ጅማ ወይም ዲላ ላይ ሰብስበው በአዲስ አበባ ደንብ ከሚያበሉ፤ የምሳውን አንዱን ክፍል ለአገሩ ሴቶች ቢሰጡ ወጪው አይጨምርባቸውም።

ክቡር አዘጋጅ፤ ቦታ ካለ ደግሞ በጋዜጣው በኩል አንባብያንን የምጠይቀው አለኝ። ከገዛሁት አንጮቴ ሦስቱን ሳልቀቅል አስቀርቼ ግቢዬ ውስጥ ልተክላቸው አስቤአለሁ። ለአዲስ አበባ ብርድ ይሆን አይሆን፤ በየትኛው ወር እንደሚተከል፤ ሐረጉም መደገፊያ ያስፈልገው እንደ ሆነ የሚያውቅ የወለጋ ሰው ቢጽፍልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እንዲሁም በሚመጣው ወር ወደ ኮንሶ ስለምሄድ፤ በሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን ኩርኩፋ ከተማው ውስጥ የቱ ቤት እንደሚያገኙት የሚያመለክተኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋራ፤
አንድ ተጓዥ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ